መጽሐፍ፣ ሚዛንና ብረት

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) ይሁን። ሶላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሰሓቦቻቸው ላይ ይውረድ።

የቁርኣን አስተማሪ ስለ መጫወቻ ባቡር ሲጽፍ ግር ሊላችሁ ይችላል። አንዳንድ ወዳጆቼም «ኡስታዝ፣ ይህ የልጅ ነገር አይደለም ወይ?» ብለውኛል። ጥያቄው አግባብ ያለው ነው። ዕድሜያችንን በምን እንዳሳለፍነው በቂያማ ቀን የምንጠየቅ ነንና፣ ሙስሊም ሰዓቱን የሚያውልበትን ነገር መመርመር ይገባዋል። ስለዚህ በግቢያችን የዘረጋነውን ሐዲድ ጉዳይ ዘርዝሬ ላቅርብላችሁ፤ ፍርዱን ለእናንተ እተዋለሁ።

የምኖረው ድሬዳዋ ነው። ከተማችን የባቡር ልጅ መሆኗ የታወቀ ነው። ከጅቡቲ እ.ኤ.አ. በ1897 የተጀመረው የሐዲድ ሥራ በ1902 መጨረሻ እዚህ ደረሰ። ሐዲዱ ወደ ሐረር እንዳይወጣ ተራራው ስለከለከለው፣ ከተራራው ሥር አዲስ ከተማ ተቆረቆረ፤ በመጀመሪያም «አዲስ ሐረር» ትባል ነበር። በ1917 ባቡሩ አዲስ አበባ ገባ። 784 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው ያ መስመር ለብዙ የድሬዳዋ ቤተሰብ እንጀራ ሆኖ ኖረ። እያረጀ ሄዶ ግን ከአዲስ አበባ ይመጣ የነበረው ባቡር በ2008 አካባቢ ቆመ። በ2016 ተመርቆ በ2018 መደበኛ አገልግሎት የጀመረው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። በባቡር ፉጨት ሰዓት ይቆጥር የነበረውን ሰፈር የኔ ልጆች አላዩትም።

በከተማችን ከዙህር በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ መንገዱ ጭር ይላል። ይህ ሰዓት ለአንዳንዱ የእረፍት ሰዓት ነው፤ ለብዙው ግን የጫት ሰዓት ነው። ትልቁ ልጄ ገና 14 ዓመት ሲሞላው ከበርጫ ተጠራ። በመጀመሪያ የሚባለው «ቁጭ ብለህ ብቻ አጫውተን» ነው። ቁጭ ያለ ልጅ ምን እንደሚከተለው የከተማችን ወላጅ ሁሉ ያውቃል። «አትሂድ» ማለት ግማሽ ተርቢያ ነው። «ና፣ ይህን አብረን እንሥራ» ማለት ሌላው ግማሽ ነው። ልጁ ከምን እንደሚሸሽ ስንነግረው ወዴት እንደሚሄድም ማሳየት ይኖርብናል።

በዚያው ሰሞን ጀርመን አገር የሚኖር ወንድሜ ለዒድ ሲመጣ ለልጆቹ ያገለገለ የባቡር መጫወቻ በሳጥን ይዞ መጣ። አንድ በሞተር የሚሄድ ባቡር፣ ሁለት ፉርጎና ሲገጣጠሙ ክብ የሚሠሩ 12 የሐዲድ ቁራጮች ነበሩበት። ይህ ዓይነቱ ባቡር እንደ ሌሎቹ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ አይደለም። የኑረምበርጉ የመጫወቻ ፋብሪካ ሌህማን እ.ኤ.አ. በ1968 ለገበያ ያቀረበው ሲሆን፣ ፀሐይና ዝናብ ችሎ ደጅ ላይ በአትክልት መካከል እንዲሄድ ታስቦ የተሠራ ነው። በአውሮፓ ብዙ አባወራዎች በየጓሯቸው ሐዲድ ዘርግተው፣ ድልድይና ጣቢያ ሠርተው፣ የተገዛውን ባቡር እንደ ፍላጎታቸው እየለወጡ ከልጆቻቸው ጋር ጊዜ ያሳልፉበታል።

የዚህ ባቡር ልክ 1 ለ22.5 ነው። ይኸውም እውነተኛው ባቡር መጫወቻውን 22 ጊዜ ተኩል ያጥፈዋል ማለት ነው። በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት 45 ሚሊ ሜትር ነው። ልጄ 45ን በ22.5 ሲያባዛ 1012 ሚሊ ሜትር ተኩል አገኘ፤ ከአንድ ሜትር በ1 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ የበለጠ። ይህን በጎረቤታችን ለሚኖሩት የቀድሞ የምድር ባቡር መካኒክ ነገርናቸው። ልጆቹ «አባባ» የሚሏቸው ዕድሜ ጠገብ ሰው ናቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «የኛ ሐዲድ ስፋቱ ልክ አንድ ሜትር ነበር እኮ!» አሉ። ጀርመኖች የራሳቸውን ጠባብ ሐዲድ አስበው የሠሩት መጫወቻ የድሬዳዋን ባቡር ልክ ይዞ ከቤታችን ገባ። አባባ በማግስቱ ከዐስር ሶላት በኋላ መነጽራቸውንና ሜትራቸውን ይዘው መጡ።

ውድ አንባቢያን፣ ወደ ሥራው ከመግባቴ በፊት መጫወቻ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቤትም እንደነበረ ላስታውሳችሁ። አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ፣ ከእመት ዓኢሻ (ረ.ዐ.) መጫወቻዎች መካከል ከቁራጭ ጨርቅ ክንፍ የተበጀለት ፈረስ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ምን እንደሆነ ጠየቋት፤ ፈረስ ክንፍ አለው ወይ ብለውም ተገረሙ። እርሷም የነቢዩ ሱለይማን ፈረሶች ክንፍ እንደነበራቸው አልሰሙም ወይ ስትላቸው፣ የመንጋጋ ጥርሳቸው እስኪታይ ድረስ ሳቁ። የኡማው ሁሉ ሸክም በትከሻቸው ላይ የነበረ ነቢይ ለአንድ የጨርቅ ፈረስ ጊዜ ነበራቸው። እኛ ከእርሳቸው ይልቅ ሥራ የበዛብን አይመስለኝም።

የፋብሪካው ሐዲድ ውድ ነው። ስለዚህ ከብረት ሱቅ ባለ 6 ሜትር ጠፍጣፋ ብረት 6 ገዝተን እያንዳንዱን በሦስት ቆረጥነው። እንጨት ከአናጢ ቤት ትራፊ አገኘን፤ ምስጥ እንዳይበላውም በተቃጠለ የሞተር ዘይት ነከርነው። አባባ እንደነገሩን በእውነተኛው መስመር ላይ ሐዲዱን የሚሸከሙት እንኳ ብረት ነበሩ። እንጨቱን ከላይ በመጋዝ እየሰነጠቅን ብረቱን በጎኑ አቆምንበት። ከሥሩ ከደቻቱ አሸዋ ውስጥ የለቀምነውን ጠጠር አነጠፍን። ጠጠሩ ውሃ ያሳልፋል፣ እንጨቱንም ከቦታው እንዳይንሸራተት ይይዛል። በኒሙ ዛፍ ዙሪያ የዘረጋነው ሐዲድ 15 ሜትር ከግማሽ ያህል ሆነ።

የአባባ እጅ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ መጋዙን ልጄ ይይዛል፣ እርሳቸው ይናገራሉ። መጀመሪያ ያሠሩት ነገር ሐዲድ ሳይሆን መለኪያ ነበር፤ ከጠንካራ እንጨት የተቆረጠ፣ ልክ 45 ሚሊ ሜትር የሆነ። በየእንጨቱ ላይ መለኪያው ይገባል፤ ካልገባ ወይም ከላላ ይፈታል። ልጄ አንድ ቀን «አባባ፣ ሁለት ሚሊ ሜትር ምን ያደርጋል?» አላቸው። እርሳቸውም መልስ ሳይሰጡ ፉርጎውን አንስተው በሰፋው ቦታ ላይ ገፉት። ጎማው በሐዲዶቹ መካከል ወደቀ። «የኛ ሲወድቅ ሰው ነበረበት» አሉት። ከዚያ በኋላ ልጄ ማንም ሳያዘው ይለካል።

ሙቀት ብረትን እንደሚያስረዝም ልጆቹ በትምህርት ቤት ተምረውታል፤ በግቢያችን ደግሞ አዩት። በድሬዳዋ ፀሐይ ላይ የዋለ ብረት ከንጋቱ በ30 ዲግሪ ቢበልጥ ባለ 2 ሜትሩ ቁራጭ ከግማሽ ሚሊ ሜትር በላይ ይረዝማል። ቦታ ካልተተወለት ሐዲዱ ይጣመማል። ስለዚህ በየመገጣጠሚያው 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሽቦ አስገብተን ክፍተቱን ከለካን በኋላ ሽቦውን እናወጣለን። የጥንቱ ባቡር ሲሄድ ይሰማ የነበረው «ቀጭ ቀጭ» የሚለው ድምፅ የዚህ ክፍተት ድምፅ ነው።

ባቡሩንም ለወጥነው። በፋብሪካ ሲሠራ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ከሐዲዱ ነበር። የኛ አቧራና ዝገት ግን ኤሌክትሪኩን ያቋርጠዋል፤ መብራትም ይጠፋል። ከተበላሹ የመብራት ፋኖሶች ያወጣናቸውን ባለ 6 ቮልት ሁለት ባትሪዎች በአንድ ፉርጎ ውስጥ አስቀምጠን፣ በ12 ቮልት ሞተሩን በሽቦ አገናኘነው። የእንፋሎት ባቡር መልክ የነበረውን የፕላስቲክ አካል አንስተን ከዘይት ቆርቆሮ አዲስ ቆረጥን፤ አባባ ከትዝታቸው እየነገሩን «ኦቶራይ» የሚሉትን የመንገደኛ ባቡር አስመሰልነው። ሰባት ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ቁመት ያላቸው የተሳፋሪ ምስሎች በውጭ አገር ይሸጣሉ። በልጆች መጫወቻ ጉዳይ ዑለሞች ያላቸው አስተያየት ሰፊ ቢሆንም፣ እኛ ወንበሮቹን ባዶ መተው መረጥን። ትንሿ ልጄ ምክንያቱን ለጎረቤት ልጆች ስታስረዳ «ተሳፋሪዎቹ ለዐስር ሶላት ወርደው ነው» አለቻቸው።

አንድ ቀን ልጆቹ ሙስሊሞች የሠሩት ባቡር እንደነበረ ጠየቁኝ። የሒጃዝን ባቡር ነገርኳቸው። በሱልጣን ዐብዱልሐሚድ ሁለተኛው ትእዛዝ እ.ኤ.አ. በ1900 ተጀምሮ በ1908 ከደማስቆ መዲና ደረሰ፤ ርዝመቱ 1,300 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ከአንድ ወር በላይ ይፈጅ የነበረውን የሑጃጆች የግመል ጉዞ ወደ ጥቂት ቀናት አሳጠረው። የሐዲዱ ስፋት 1050 ሚሊ ሜትር ነው። ልጄ ለ22.5 አካፍሎ ከኛ መለኪያ የሚለየው ከሁለት ሚሊ ሜትር በታች መሆኑን ነገረን። ከሁሉ የገረማቸው ግን ከልዩ ልዩ አገር ያሉ ሙስሊሞች ለሥራው ገንዘብ ማዋጣታቸው ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት መስመሩ ተሰባበረ፤ የመዲናው ጣቢያ ዛሬ ሙዚየም ነው። ሙስሊሙ ለሐጅ መንገድ ያወጣው ገንዘብ ግን አላህ ዘንድ እንደማይጠፋ ተስፋ እናደርጋለን።

በአማርኛ ሐዲድ የምንለው ቃል በአረብኛ ብረት ማለት ነው፤ የቁርኣን 57ኛው ሱራም በዚህ ስም ይጠራል። በ25ኛው አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ.) ከመልክተኞቹ ጋር መጽሐፍንና ሚዛንን ማውረዱን ይነግረንና፣ እዚያው ላይ ብርቱ ኃይልና ለሰዎች ጥቅም ያለበትን ብረት ያነሳል። ይህን አንቀጽ ለብዙ ዓመታት አስተምሬዋለሁ። ዑለሞች ሚዛን ፍትሕ መሆኑን ያስረዳሉ። ልጆች ግን «ፍትሕ» ሲባል ሩቅ ያለ የዳኛ ነገር ይመስላቸዋል። ከሐዲዱ ሥራ ወዲህ «ሚዛን» ስላቸው ያቺን የእንጨት መለኪያ ያስታውሳሉ። ማንም ባያያቸውም 45 ሚሊ ሜትር 45 ነው። ነገ አንዱ ሱቅ ሲከፍት ኪሎው ኪሎ እንዲሆን፣ ሌላው ሕንፃ ሲሠራ ሲሚንቶ እንዳይቀንስ የሚያደርገው ልማድ እንዲህ ባለ ትንሽ ነገር ይጀመራል።

ይህ ሁሉ ሲባል ባቡር ልጅን ሁሉ ያድናል እያልኩ አይደለም። ሒዳያ የአላህ ነው። ከልጄ ጋር ከሚሠሩት መካከል እጁ ከሁሉ የሚበልጥ አንድ ልጅ ነበር፤ ድልድዩን የሠራው እርሱ ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ መምጣቱን ተወ። መንገድ ላይ ሲያገኘኝ በአክብሮት ሰላም ይለኛል፤ ጉንጩ ግን በጫት ሞልቷል። መለኪያውን በስሙ አስቀምጠንለታል፤ ልጄም በየሳምንቱ ሄዶ ይጠራዋል። እስካሁን አልመጣም።

አባባም እየደከሙ ነው። ዛሬ ከወንበራቸው ሳይነሱ ድምፁን ሰምተው የትኛው መገጣጠሚያ እንደላላ ይነግሩናል። ይህ ዕውቀት የትም አልተጻፈም። ልጄ በደብተሩ መጻፍ ጀምሯል።

ውድ ወላጆች፣ ባቡር የኔ ቤት ዕጣ ሆኖ ነው። በእናንተ ሰፈር ሽማኔ ይኖራል፣ አንጥረኛ ይኖራል፣ ጡረታ የወጣ አናጢ ይኖራል። ልጃችሁን አጠገቡ አስቀምጡት፤ አንድ ትንሽ ነገር በልኩ ሠርቶ እንዲጨርስ ጊዜ ስጡት። ወጪውን በልክ አድርጉ፤ አዛን ሲል ሥራው ይቁም፤ ትምህርቱና ሒፍዙ ይቅደም። እናንተም አጠገባቸው ተቀመጡ። ያ የከሰዓት ሰዓት ባዶ አይቀርምና፣ እኛ ካልሞላነው የሚሞላው ሌላ አለ።

አላህ ልጆቻችንን የዓይናችን ማረፊያ ያድርግልን፤ የሄዱትንም በሰላም ይመልስልን። አሚን። ወሏሁ አዕለም።