ከጣና የመጡ ሰባት ዓሦች

በነዚህ ገጾች ላይ ስለ አገር እድገትና ስለ ምሁር ኀላፊነት ብዙ ሲጻፍ አንብበሃል። እኔ ዛሬ የማጫውትህ ግን ስለ አንድ የመስታወት ገንዳና ስለ ሰባት ትንንሽ ዓሦች ነው። ብትስቅብኝ አልቀየምም፤ መጀመሪያ እኔም ስቄበታለሁ።

የተወለድኩት ዱርቤቴ ነው። ከባሕር ዳር ተነሥቶ በመራዊና በወተት ዓባይ በኩል ወደ ዳንግላ የሚወርድ መንገደኛ ሁሉ ያያታል፤ ብዙው ሻይ ጠጥቶባት ያልፋል። ጣና ከኛ ያን ያህል ሩቅ አይደለም፤ ሆኖም የዐሥር ዓመቱ ታናሽ ወንድሜ ሐይቁን በዐይኑ አይቶ አያውቅም ነበር። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ለመጀመሪያው ዕረፍት ወደ ቤት ስመለስ «ጋሼ፤ ጣናን ለምን አላመጣህልኝም?» አለኝ። ነገሩ ከሆዴ ገባ። በሚቀጥለው ዕረፍት 60 ሊትር ያህል የሚይዝ ገንዳ መስታወት ቆራጭ ዘንድ አሠርቼ፤ ከአንድ ዓሣ አጥማጅ ሰባት የቆሮሶ ጫጩቶች ለምኜ፤ ዓሦቹን በጀሪካን ይዤ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ረዳቱ «ይህ ዕቃ ይከፈልበታል» ብሎ ቢያፋጥጠኝ፤ ከጎኔ የተቀመጡ እናት «ተወው ልጄ፤ ባሕር ነው የጫነው» ብለው ሰውን ሁሉ አሳቁልኝ።

ገንዳውን ከመስኮቱ ሥር አደረግነው። ዓሦቹ በፀሐይ ሲያብለጨልጩ ጎረቤቱ ሁሉ እየመጣ ተመለከተ። እኔም ኩራት ኩራት እያለኝ ወደ ግቢ ተመለስኩ።

አንድ ወር እንኳ ሳይሞላ ስልክ ተደወለ። «ጋሼ፤ ውሃው ጎመን መሰለ። ዓሦቹ አይታዩም። ጧት ጧት ደግሞ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ።» እኔ በማግስቱ ፈተና ነበረብኝ፤ ቸኩያለሁ። «ውሃውን ሁሉ ድፋው፤ ድንጋዩንና መስታወቱን በሳሙና ፈትገህ እጠብ፤ ከቧንቧ አዲስ ውሃ ሙላበት» አልኩት። ልጁ ታዛዥ ነው፤ እንዳልኩት አደረገ። በማግስቱ ማታ ደውሎ «አራቱ ሞቱ» ብሎኝ ስልኩን ዘጋ። እናቴ እንደ ነገረችኝ ከጌሾው ሥር ቀብሯቸዋል። ከዚያ ወዲያ ሁለት ወር ያህል በደወልኩ ቁጥር ለኔ የሚሆን ጊዜ አልነበረውም።

ከሁሉ የሚያሳፍረኝን ልንገርህ። እኔ የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። በዚያ በማግስቱ ፈተና ላይ ከወጡት ጥያቄዎች አንዱ የናይትሮጅን ዑደት ነበረ! ከዓሣ እዳሪና ከተረፈ ምግብ አሞኒያ ይወጣል፤ በድንጋዩና በመስታወቱ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፤ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጣሉ፤ አሞኒያውና ናይትራይቱ ዓሣ ይገድላሉ፤ ናይትሬቱ ግን እጅግ ካልበዛ አይጎዳም። ቀስቶቹን አሳምሬ ሥዬ ሙሉ ማርክ አገኘሁበት። ያን ቀን ዱርቤቴ ላይ ወንድሜ በኔ ትእዛዝ እነዚያኑ ባክቴሪያዎች በሳሙና እየፈተገ ነበር፤ በዚያ ላይ ክሎሪን ያለበትን የቧንቧ ውሃ ሳያሳድር ጨመረበት። አልጌውንም ቢሆን አላጠፋነውም፤ በሁለት ሳምንት ተመልሶ መጣ።

ፈተናው ሲያልቅ ከመጽሐፍና ከአንድ የዓሣ ሀብት ተማሪ ባልንጀራዬ እግር ሥር ተቀመጥኩ። አልጌ፤ መጻሕፍቶቻችን ዋቅላሚ የሚሉት፤ የሚፈልገው ብርሃንና ምግብ ነው፤ ምግቡም በተለይ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ። ብርሃኑን እኔ በመስኮቱ ሰጠሁት። ምግቡን ወንድሜ ከፍቅሩ የተነሣ በቀን አምስት ጊዜ ዳቦ እየፈረፈረ ሰጠው። ቀን ኦክስጅን የሚያወጣው አልጌ ሌሊት መልሶ ይተነፍሰዋል፤ ስለዚህ ነበር ዓሦቹ ጎሕ ሲቀድ አየር ፍለጋ የሚያዛጉት። ነገሩ የማስራብ እንጂ የመፈተግ አልነበረም።

ለዕረፍት ስገባ ወንድሜ ሰላም አለኝ፤ ግን አልሳመኝም። ገንዳውን ፀሐይ ወደማይደርስበት ግድግዳ አዛወርነው፤ አየር መግቢያ ትተን ሦስት ቀን በብርድ ልብስ ሸፈንነው። የሥሩን ዝቃጭ በላስቲክ ቱቦ እየሳብን ከውሃው ሩቡን ብቻ በየሳምንቱ መለወጥ ጀመርን፤ አዲሱ ውሃም አፉ በተከፈተ ባልዲ አንድ ቀን ሙሉ ይቆያል። ምግቡ በቀን አንዴ፤ እርሱም በሁለት ደቂቃ የሚያልቅ ያህል። አንድ ጎረቤት «እምቦጭ ጨምርበት፤ እርሱ ምግቡን ይሻማዋል» ቢለኝ በቁጣ እምቢ አልኩ። ያን አረም ከሐይቁ አንሥቶ ወደ ግልገል ዓባይ ተፋሰስ ማምጣት ወንጀል ይመስለኛል።

አባቴ ይህን ሁሉ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ሲያይ ነበር። በቆሎና ዳጉሳ አራሽ ነው። «እርሻም እንዲሁ ነው» አለ፤ «ማዳበሪያ ስትጥል ቀድሞ የሚበላው አረሙ ነው። ዝናብ በላዩ ከመጣ ደግሞ ግማሹ የወንዝ ነው።»

ወንድሜ ቀና አለ። «ወንዙስ የት ይሄዳል?»

«ወደ ግልገል ዓባይ፤ ከዚያ ጣና።»

«እንግዲያ ጣናንም እንደ ገንዳዬ የምናደርገው እኛ ነን?»

ማንም አልመለሰለትም። እኔ ልመልስ አፌን ከፍቼ ነበር። ግልገል ዓባይ የጣና ትልቁ ገባር ነው፤ በክረምት በወተት ዓባይ ድልድይ ላይ ያለፈ ሰው ውሃው የኛን መሬት ተሸክሞ ሲወርድ አይቶታል። ሐይቁ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ቢሰፋም ጥልቀቱ ከ15 ሜትር አያልፍም፤ የተጣለበትን ቶሎ አይረሳም። በ2004 ዓ.ም. ገደማ በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ የታየው እምቦጭ አልጌ ባይሆንም የሚበላው ከዚያው ማዕድ ነው። አልጌው ራሱ ከዚህ በላይ ያልበዛው በከፊል የክረምቱ ጭቃ ብርሃን ስለሚከለክለው ነው፤ አንዱ ጥፋት ሌላውን ያዘው ማለት ነው። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ነገር ግን በመግደልና በመፈተግ ያስተማርኩትን ልጅ አሁን በምን አፌ ላስተምረው? ደግሞም አባቴ ማዳበሪያ ባይጥል ለኔ የትራንስፖርት ከየት ይመጣ ነበር?

በሦስተኛው ቀን ብርድ ልብሱን ስናነሣ ውሃው ቀጭን ሻይ መስሎ ነበር፤ በሳምንቱ ጠራ። ወንድሜ ግንባሩን በመስታወቱ ላይ ለጥፎ «አንድ፤ ሁለት፤ ሦስት» ብሎ ቆጠረና ሳቀ።

አሁን ሲደውል ሪፖርት ያቀርብልኛል፤ የፍርፋሪውን ቁጥር ሳይቀር። ባለፈው ሳምንት ግን «ጋሼ፤ ቆሮሶዎቹ እጄን አከሉ፤ አንዱ ሌሎቹን ያባርራል፤ ቤቱ ጠቧቸዋል። ወደ ጣና እንመልሳቸው» አለኝ። በመጪው ዕረፍት ጀሪካኑን የሚይዘው እርሱ ነው። ረዳቱ ቢያስከፍለን ለሦስቱም እንከፍላለን።