ላም አለኝ በሰማይ

ከጎረቤታችን ጋር የተጣላነው በሁለት ሜትር ነው። ክረምት ላይ የድሮው የቆርቆሮ አጥር ወደቀ፤ አዲሱ የት ይቁም የሚለው አላስማማንም። ጋሼ «ሁለት ሜትር ገብታችኋል» አሉ፤ እማዬ «አንድ ስንዝር አልገባንም» አለች። ሁለቱ ቤቶች ቡና መጠራራት አቆሙ።

በካርታው መሠረት የግቢያችን ወርድ 22 ሜትር ነው። መሃል ላይ ቤቱ ስላለ ግን ሜትር ቀጥ ብሎ አይዘረጋም። እኛ ልጆቿ ተማርን ባዮች ስለሆንን ስልካችንን ይዘን ወጣን። ከግንቡ እስከ ወደቀው አጥር ጂፒኤሱ ጠዋት 25 ሜትር አለን፤ ማታ 18! ላም አለኝ በሰማይ ይሏል ይኼ ነው።

ነገሩን ስናነብ አፈርን። ሳተላይቶቹ የሚዞሩት 20,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው። ርቀቱ የሚሰላው ምልክቱ በተጓዘበት ጊዜ ስለሆነ፣ የሰከንድ አንድ ቢሊዮንኛ ስህተት 30 ሳንቲ ሜትር ያስታል። ላይኛው አየር ምልክቱን ያዘገየዋል፤ ቆርቆሮና ግድግዳ ደግሞ ያነጥሩታል። አሜሪካ ለሲቪሉ ሆን ብላ ታዛባው የነበረውን ምልክት በሚያዝያ 1992 ዓ.ም ማዛባት ብታቆምም፣ ተራ ስልክ ዛሬም በገላጣ ቦታ እንኳ 5 ሜትር ገደማ ሊስት ይችላል። በ5 ሜትር ስህተት የ2 ሜትር ጠብ እንዴት ይዳኛል?

ቀያሾች ግን ብልሃት አላቸው። አንዱን መሣሪያ አንድ ቦታ ይተክላሉ፤ ሌላውን ይዘው ይዞራሉ። ሁለቱ ስለሚቀራረቡ የሰማዩ ስህተት በሁለቱም ላይ እኩል ያርፋል፤ ሲቀናነስ ይጠፋል። በዚያ ላይ 19 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝመውን ሞገድ ራሱን ስለሚቆጥሩ ስህተቱ ወደ ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። ከግድግዳ የሚነጥረው ብቻ አይቀናነስም፤ ለእሱ ገላጣ ቦታ መምረጥ ነው።

ጋሼን ለምነን ቀያሽ አመጣን፤ ወጪውን እኩል ተካፈልን። ውጤቱ 22 ሜትር ከ40 ሆነ። እሳቸው እንዳሉት ሁለት ሜትር አልነበረም፤ እማዬ እንዳለችው ስንዝርም አልነበረም። 40 ሳንቲ ሜትሩን መለስን።

ለካ በየፊናችን ስንለካ ስህተታችንን እያባዛን ኖሯል። አብረን የለካን ቀን ማታ፣ እማዬ ጀበናውን ጥዳ «በሉ ጋሼን ጥሩ» አለችን።