ከቀራንዮ ወንጪ በብስክሌት፦ ሦስት ወንዞች የሚለያዩበት ከፍታ

ቀራንዮ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል። በዚህ በኩል ከአዲስ አበባ የሚወጣ ብስክሌተኛ ከርቀቱ በፊት ዳገቱንና ውሃውን ማሰብ አለበት። አራት ጓደኛሞች ሆነን በኅዳር የወጣንበት ዙሪያ በአምቦ መንገድ ጊንጪ ይደርስና በደንዲና በወንጪ ተራሮች ላይ ያልፋል፤ ከዚያ በወሊሶ ታጥፎ በሰበታ ይመለሳል። የወጨጫ ተራራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በዙሪያው መካከል ይቀራል። በየደረስንበት የዳገቱን ከፍታ እየመዘገብኩ፣ ከእግራችን ሥር የሚወርደው ውሃ የትኛው ወንዝ ውስጥ እንደሚገባም ተከታትያለሁ።

ሁለቱ ብስክሌቶች ሰፊ ጎማ ያላቸው የተራራ ብስክሌቶች ናቸው። ሦስተኛው ያገለገለ የከተማ ብስክሌት ሲሆን፣ አራተኛው ቀጭን ጎማ አለው። ድንኳኑና ብርድ ልብሱ ከኋላ መጫኛው ላይ ታስሯል፤ ለያንዳንዱ ሰው 4 ሊትር ውሃ፣ ትርፍ የውስጥ ጎማ፣ በሶና ዳቦ ቆሎ ተይዟል። የጎማ መንፊያውና የካቴና መፍቻው ለሁላችንም አንድ ነው።

ከቀራንዮ መድኃኔዓለም በኮልፌ በኩል ወደ አስኮ ይወጣል። ከአስኮ ቡራዩ ድረስ መንገዱ ያለማቋረጥ ይቀናል፤ ሚኒባሶች በቀኝ በኩል ስለሚቆሙ ጭነት ያለው ብስክሌት እዚህ መሐል መንገድ ለመግባት ይገደዳል። ቡራዩ አሁን በሸገር ከተማ ሥር ነው። ቤቶቹ ሳሳ የሚሉት ገፈርሳ አካባቢ ነው። የገፈርሳ ግድብ 2,600 ሜትር ከፍታ አካባቢ ላይ ይገኛል፤ ከ1930ዎቹ ጀምሮ ለአዲስ አበባ የመጠጥ ውሃ ሲሰጥ ኖሯል። እዚህ ያለው ውሃ የትንሹ አቃቂ ነው፤ አቃቂም አዋሽ ይገባል።

ከገፈርሳ በኋላ ወጨጫ በግራ ይታያል። ጫፉ ከ3,300 ሜትር ያልፋል። በምዕራብ ተዳፋቱ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን ከዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ጀምሮ፣ ከወፍ ዋሻ በመጣ የጥድ ችግኝ እንደተተከለ ይነገራል። ከመንገዱ ዳር ግን የሚታየው ባሕር ዛፍ ነው። ሆለታ ከቀራንዮ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ከገፈርሳ ወዲህ አብዛኛው ቁልቁለት ስለሆነ ካሰብነው በፊት ደረስን። የስዊድን መኮንኖች ያስተማሩበት የጦር ትምህርት ቤት በ1927 ዓ.ም. የተከፈተው እዚህ ነው። ሻይ ቀራንዮ 20 ብር ጠጥተን ነበር፤ ሆለታ 15 ሆነ።

አዲስ ዓለም ከሆለታ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዐፄ ምኒልክ የማገዶ እንጨት ባጠረ ጊዜ ዋና ከተማቸውን ሊያዛውሩ ያሰቡት ወደዚህ ነበር። ባሕር ዛፍ አዲስ አበባን ሲያቆያት ቤተ መንግሥቱ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ተሰጠ። ጉብታው ላይ ለመውጣት ከብስክሌት ወርዶ መግፋት ይሻላል፤ ድካሙ የሚያስቆጭ አይደለም።

ከአዲስ ዓለም እስከ ጊንጪ ያለው የዚያ እጥፍ ገደማ ነው። የጤፍና የሽምብራ ማሳ በሁለቱም በኩል ይዘረጋል። አፈሩ ዋልካ ነው። በክረምት ጎማና ሹካ መካከል ገብቶ ብስክሌቱን ቀጥ ያደርገዋል፤ በኅዳር ደግሞ ይሰነጠቃል። ጊንጪ ላይ አልጋ ይዘን አደርን፤ ከዚህ በኋላ የሚታመን ጎሚስታ እስከ ወሊሶ ስለማናገኝ ጎማዎቹን ሁሉ አስፈተሽን። አዋሽ የሚነሳው ከዚሁ አካባቢ ነው። እዚህ በእግር የሚሻገሩት ጅረት፣ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አቤ ሐይቅ ሲገባ ይጠፋል።

ከጊንጪ ወደ ደቡብ ያለው ኮረኮንች ነው። በካርታ ላይ ቀጥታ ሲለካ ደንዲ ሐይቅ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ መንገዱ ግን ይጠማዘዛል፣ ከ700 ሜትር በላይም ይወጣል። ከአስፋልት ከመውጣታችን በፊት መታወቂያችንን ይዘን በቀበሌው አስታወቅን፤ መንገዱ ሰላም መሆኑንም ጠየቅን። ቀጭን ጎማ ያለው ጓደኛችን ከዳገቱ ብዙውን ገፋ። ከታች ጤፍ ነበር፤ ከፍ ሲል ስንዴና ገብስ፣ በየጓሮው ደግሞ እንሰት ይመጣል። ጠርዙ አጠገብ ያገኘናት ሴት ሻይ በ10 ብር፣ የተቀቀለ ድንች ደግሞ ያለ ክፍያ ሰጠችን።

ደንዲ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ ያለ ሁለት ሐይቅ ነው፤ በጠባብ ወገብ ይገናኛሉ። የውሃው ገጽ 2,836 ሜትር ላይ ነው፤ ስፋቱ ወደ 8 ካሬ ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ዳርቻው ገላጣና ሣር የበዛበት ስለሆነ ድንኳን ለመትከል ይመቻል፣ ነፋሱ ግን የሚከለል ነገር የለውም። ሌሊት ውርጭ ወረደ፤ የብስክሌቱ ኮርቻ ጠዋት ነጭ ሆኖ ተገኘ። ከዚህ ሐይቅ የሚወጣው ውሃ በሁሉቃ ወንዝ ወደ አምቦ ይወርዳል፣ በጉደር አድርጎ አባይ ይገባል። ትናንት የተሻገርነው ጅረት ወደ አፋር በረሃ ሲሄድ፣ ይህኛው ወደ ሜዲትራኒያን ባሕር ነው።

ወንጪ ከደንዲ በአየር መስመር 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመካከል ያለው መንገድ የእግረኛና የፈረስ መንገድ ነው፤ ሸለቆ ይወርዳል፣ ተመልሶ ይወጣል። ፈረሰኞች በቀላሉ አለፉን። አንድ ልጅ ካቴናችን ሲወልቅ መፍቻውን ከእጃችን ተቀብሎ ካቴናውን መለሰልን፤ የአባቱን ብስክሌት ሲጠግን እንደለመደ ነገረን።

ወንጪ ከደንዲ ይጠልቃል፤ ከ100 ሜትር በላይ እንደሚሆን ይነገራል። ገደሉም የበለጠ ቀጥ ያለ ሲሆን አረንጓዴነቱ ይበዛል። ደንዲ ላይ ሣር ነበር፤ እዚህ ኮሶ፣ ጥድ፣ አስታና እንሰት እስከ ውሃው ይወርዳሉ። የአፋፉ ከፍተኛ ነጥብ ወደ 3,386 ሜትር ይደርሳል። በሐይቁ ደሴት ላይ ቂርቆስ ገዳም አለ፤ በጀልባ ይሻገራሉ። ፈረስ ማከራየት፣ ማርና ቆጮ መሸጥ የነዋሪው ገቢ ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ወንጪን ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ አድርጎ መረጠ፤ በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት የተሠራው ማረፊያ ደግሞ በ2016 ዓ.ም. ተመረቀ። ድንኳን ይዞ ለመጣ ሰው ደንዲ ይሻላል፤ ገላውን ለመታጠብና ትኩስ ለመብላት ለሚፈልግ ወንጪ። ሁለቱን ሳያይ የተመለሰ ግን ከፍታውን ግማሽ ብቻ ነው ያየው። የወንጪ ውሃ በዋልጋ ወንዝ ወደ ጊቤ ይሄዳል፣ ከዚያ ኦሞ፣ በመጨረሻ ቱርካና ሐይቅ። ስለዚህ በአንድ ተራራ ትከሻ ላይ ሦስት ተፋሰሶች ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠዋል።

ከወንጪ አፋፍ እስከ ወሊሶ ቁልቁለቱ ወደ 1,000 ሜትር ይሆናል። ሁለት ጊዜ ቆመን ፍሬኑን አቀዘቀዝን። ወሊሶ 2,000 ሜትር አካባቢ ነው፤ ሙቀቱ ወዲያው ይታወቃል። ፍል ውሃው ለደከመ ጉልበት ደግ ነው። አልጋ ከጊንጪ ይወደዳል፤ ክፍሎቹም ይሰፋሉ።

ከወሊሶ በቱሉ ቦሎ እስከ ተፍኪ ሜዳ ነው። ቱሉ ቦሎ ሳይደርሱ ውሃው ሳይታወቅ ወደ አዋሽ ይመለሳል። በበቾ ሜዳ ላይ የያዝነው የጅማ መንገድ አዋሽን በድልድይ ይሻገራል። ጊንጪ አካባቢ ከጉልበት በታች የነበረው ወንዝ እዚህ ሰፊ፣ ጭቃማና ዝግተኛ ነው፤ በክረምት ሜዳውን ያጥለቀልቃል። የመንገድ ዳር ሻጮች እሸት ሽምብራ በእስር ይሸጣሉ።

ሰበታ ላይ ዳገቱ ይመለሳል፤ ከዚህ ጋር ከባድ መኪናም ይበዛል። ከሰበታ እስከ አየር ጤና ያለውን በእሑድ ጠዋት ማለፍ ይመረጣል፤ በሥራ ቀን የጭነት መኪናው ረድፍ ለብስክሌት ቦታ አይተውም። ከአየር ጤና በዓለም ባንክና በቤቴል ወደ ላይ ይወጣል። እኛ ቀራንዮ ስንደርስ ሰፊ ጎማ ያላቸው ሁለቱ ብስክሌቶች አንድም ጊዜ አልተነፈሱም፤ የቀጭኑ የውስጥ ጎማ ግን በማጣበቂያ ተሸፍኗል። የአራቱም የኋላ ፍሬን ሸራ በወንጪ ቁልቁለት አልቆ ስለነበር የሁላችንንም አስቀየርን።