ከመኝታ በፊት የሚነቀልና የማይነቀል

ዛሬ የምናነሣው ነገር ከትልልቆቹ ጉዳዮች የሚቈጠር አይመስልም። ይኸውም ማታ ቤተ ሰቡ ሲተኛ ቴሌቪዥኑና ሌሎቹ የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ከሶኬት ይነቀሉ ወይስ እንደ ተሰኩ ይደሩ? የሚል ጥያቄ ነው። ነገር ግን በዚህ ጥያቄ ምክንያት በቤታችን ሁለት ጊዜ ጕዳት ስለ ደረሰ፥ ሁለቱንም ጊዜ ጥፋተኞቹ እኛው ስለ ሆንን፥ ለሌላው ቤተ ሰብ ትምህርት ይሆን ዘንድ ሳንሸሽግ ልንጽፈው ወደድን።

እናታችን ከገጠር መጥተው ከእኛ ጋር መኖር ከጀመሩ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። ማታ ጸሎታቸውን አድርሰው ወደ መኝታቸው ከመሄዳቸው በፊት ሳሎኑን አንድ ጊዜ ይዞሩታል፤ የቴሌቪዥኑን፣ የሪሲቨሩንና የቴፑን ስፒና አንድ በአንድ ይነቅላሉ። ምክንያቱን ሲጠየቁ መልሳቸው አንድ ነው፤ «እሳት ሳይዳፈን አይታደርም» ይላሉ። ባደጉበት ቤት ማታ ፍሙን በዐመድ ሳይሸፍን የሚተኛ ሰው አልነበረምና፥ በግድግዳው ውስጥ የሚሄደውንም ኀይል የእሳት ዘመድ አድርገው ቈጥረውታል።

እኛ ግን ከቤተ ክህነቱ ትምህርት በኋላ ወደ ዘመናዊው ትምህርት ቤት ገብተን፥ ዛሬም የፊዚክስን ትምህርት የምናስተምር በመሆናችን፥ ይህን ልማዳቸውን ከከንቱ ፍርሃት ቈጥረን ስንከራከራቸው ኖርን። ክርክራችንም በቍጥር የታጠቀ ነበር። ዐዲስ ቴሌቪዥን በሪሞት ከጠፋ በኋላ የሚወስደው ኀይል ግማሽ ዋት ያህል ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ጠፍተው ለሚጠባበቁ ለአብዛኞቹ የቤት ዕቃዎች የተወሰነው መጠን ይኸው ነው። ግማሽ ዋት በ24 ሰዓት፥ ደግሞም በ365 ቀን ሲባዛ 4.38 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። የእንጀራ ምጣዳችን በበኩሉ 3.5 ኪሎ ዋት ይወስዳል። ስለዚህ ቴሌቪዥኑ ጠፍቶ እንደ ተሰካ ዓመቱን ሙሉ ቢቀመጥ የሚበላው፥ ምጣዱ በአንድ ሰዓት ከሩብ የሚጨርሰውን ያህል ብቻ ነው።

«እማዬ፥ አንድ ጊዜ እንጀራ ከመጋገር የማይበልጥ ነገር ነው፤ ለዚህ ሲሉ በየማታው አይጐንበሱ» እንላቸው ነበር።

«አንተ የምትቈጥረው ገንዘቡን ነው ልጄ፤ እኔ ስለ ገንዘቡ መች ተናገርሁ» ይሉን ነበር።

ይህ መልስ የክርክሩን ሥር የያዘ እንደ ነበረ ያስተዋልነው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ሒሳባችን ስሕተት አልነበረበትም፤ ነገር ግን እሳቸው ያልጠየቁትን ጥያቄ የሚመልስ ሒሳብ ነበር።

በ2016 ዓ.ም. በነሐሴ ወር አንድ ማታ ዝናቡ ከነጐድጓድ ጋር ወረደ። እኛ ዜና ስንከታተል አምሽተን ነበርና፥ እናታችን እጃቸውን ወደ ሶኬቱ ሲዘረጉ «ዛሬስ ይተዉት» አልናቸው፤ የተናገርንበትም ድምፅ ልጅ ለእናቱ የሚናገርበት ድምፅ አልነበረም። ትተውት ወደ መኝታቸው ሄዱ። እኛም ዜናው ሲያበቃ በሪሞት አጥፍተን ተኛን። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ መብራት ጠፋ፤ ተመለሰ፤ እንደ ገናም ጠፋ። ሁለተኛ ሲመለስ ከሳሎኑ የመፈንዳት ድምፅ ሰማን፤ ወዲያውም የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ቤቱን ሞላው። እግዚአብሔር ይመስገን፥ እሳት አልተነሣም። ነገር ግን ከቴሌቪዥኑ እስከ መስኮቱ መጋረጃ አንድ ክንድ እንኳ አይሞላም ነበር። ቴሌቪዥኑና ሪሲቨሩ ከዚያ ሌሊት በኋላ አልሠሩም።

በማግሥቱ ጠጋኙ የቴሌቪዥኑን ጀርባ ከፍቶ የውስጡን አሳየን፤ ካፓሲተሮቹ አብጠው፥ አንዱም ፈንድቶ ነበር። «መምህር፥ በሪሞት ጠፋ ማለት ከመብራት ተለየ ማለት አይደለም እኮ» አለን። እኛም አፈርን፤ ይህን ለተማሪዎቻችን ስናስተምር የኖርን ነንና።

በሪሞት የጠፋ ዕቃ ጋቢውን ተከናንቦ በር ላይ እንደሚያንቀላፋ ዘበኛ ነው፤ የሪሞቱን ጥሪ ለመስማት ኀይል የሚቀበለው ክፍሉ ነቅቶ ያድራል። የአገራችን የቤት መብራት 220 ቮልት ነው፤ ነገር ግን ጠፍቶ ሲመለስ ለቅጽበት ከመጠኑ በላይ ሊዘል ይችላል። ኑል የተባለው መስመር ከምሰሶው ላይ ቢላላ ወይም ቢበጠስ ደግሞ ለአንዳንዱ ቤት እስከ 380 ቮልት የሚጠጋ ኀይል ሊደርሰው ይችላል። መብረቅም በቅርብ ሲወድቅ በመብራቱ ሽቦ ብቻ ሳይሆን በዲሹ ገመድ ጭምር ይገባል። ከሶኬቱም ከዲሹም ገመድ የተለያየ ዕቃ ግን ከዚህ ሁሉ ይድናል። እንግዲህ እናታችን የኀይሉን ስም ባይጠሩትም ጠባዩን ዐውቀውት ነበር።

እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፥ ከዚህ በኋላ እኛው ጥብቅ ትእዛዝ አወጣን፤ «ስንተኛም ሆነ ከቤት ስንወጣ በቤቱ ያለ ስፒና ሁሉ ይነቀል» አልን። ለዚህም ሥራ የዘጠኝ ዓመት ልጃችንን ሾምናት። እሷም ሹመቷን አክብራ ያዘች፤ የማቀዝቀዣውን ስፒና ግን እናቷ በየማታው ስለምትከላከላት ሳትነካው ትተኛ ነበር። እኛም ይህን እያየን ትእዛዛችንን አላረምንም።

በ2017 ዓ.ም. በጥር ወር የዘመድ ሠርግ ስለ ነበረብን ሁላችንም ወደ ደብረ ብርሃን ሄደን ሦስት ሌሊት አደርን። ስንመለስ የወጥ ቤቱ ወለል ውኃ ተኝቶበት አገኘን፤ ማቀዝቀዣው ተነቅሏል። እናታችን የስኳር በሽታ ስላለባቸው ሁለት ያልተከፈቱ የኢንሱሊን ብልቃጦች በውስጡ ነበሩ። በእጃችን ብንይዛቸው ቅዝቃዜ የላቸውም። ልጃችንን ጠርተን በቍጣ «ምን አደረግሽ?» አልናት። እሷም ዐይኗ እንባ ሞልቶ፥ «አባባ፥ ሁሉም ይነቀል ብለህ አልነበር?» አለችን።

የምንመልሰው ቃል አጣን። ያን ጊዜ እናታችን ልጅቱን ወደ ጕያቸው ስበው ወደ እኛ ዘወር አሉና እንዲህ አሉን፤ «ልጅቱ የታዘዘችውን ፈጸመች። እሳት የሚዳፈነው እኮ ጧት እንዲገኝ ነው እንጂ እንዲጠፋ አይደለም። የሚዳፈነውን ከሚጠፋው ለይተህ አላስተማርሃትም።»

ብልቃጦቹን ይዘን ወደ መድኀኒት ቤት ሄድን። ባለሙያዋም የመድኀኒቱን ዐይነት ከተመለከተች በኋላ አረጋጋችን። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ቅዝቃዜ ሊቀመጥ ይገባል፤ ነገር ግን ብርቱ ሙቀት ካላገኘው ከማቀዝቀዣ በወጣ ጊዜ ወዲያው አይበላሽም። የእናታችን ዐይነት ከወጣበት ቀን ጀምሮ እስከ 28 ቀን ሊሠራ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ግን መጣል አለበት፤ ቀኑም በብልቃጡ ላይ ይጻፍ አለችን። ይልቁንም በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም እንኳ ፈጽሞ እንዳይወጋ አስጠነቀቀችን። እናታችን በ28 ቀን ሁለቱን ብልቃጥ መጨረስ አይችሉምና አንዱ ሳይከፈት ተጣለ። በምትኩ ሌላ ለማግኘት ሦስት መድኀኒት ቤት ዞረናል።

ከሁለቱ ጥፋቶች በኋላ በቤታችን የጸናው ሥርዐት እንደሚከተለው ነው።

ቴሌቪዥኑ፣ ሪሲቨሩና ቴፑ ማታ ይነቀላሉ፤ በክረምት ወራትና ከቤት ስንወጣ ይልቁንም አይታለፍም፤ የዲሹም ገመድ አብሮ ይፈታል። ስለ ገንዘቡም ቢሆን አሮጌ ሪሲቨር ከዐዲስ ቴሌቪዥን ይለያል፤ ጠፍቶም 10 ዋት ያህል የሚወስድ አለና፥ በሌሊቱ 8 ሰዓት ብቻ ቢታሰብ በዓመት 29.2 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። ኦሌድ የተባለው ዐይነት ቴሌቪዥን ያለው ሰው ግን መመሪያውን ያንብብ፤ ይህ ዐይነቱ በሪሞት ከጠፋ በኋላ ስክሪኑን ራሱ የሚያስተካክልበት ጊዜ ስላለው፥ ሁልጊዜ ወዲያው እየተነቀለ ቢጠፋ አይበጀውም። ኮምፒዩተር በደንብ ከተዘጋ በኋላ ይነቀላል። የስልክ ቻርጀር ሥራውን ሲጨርስ ይነቀላል፤ ስልክም በትራስ ሥር ወይም በፍራሽ ላይ ተደርጎ ኀይል አይሞላም፤ ሙቀቱ መውጫ ያጣልና። ምጣድና ምድጃ ለብዙ ዕቃ በሚያገለግል ቀጭን ማከፋፈያ ላይ ከቶ አይሰኩም።

ማቀዝቀዣው ግን አይነቀልም። ለእሱ ስታቢላይዘር ገዝተንለታል፤ ይህ መሣሪያ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ አዘግይቶ ስለሚያበራው ሞተሩ ያርፋል። ይሁን እንጂ በቅርብ የወደቀን መብረቅ በርግጥ የሚያቆም መሣሪያ የለም።

የመንቀሉም ሥራ ሥርዐት አለው፤ እጅ ደረቅ ይሁን፤ የሚያዝም ገመዱ ሳይሆን የስፒናው ራስ ነው። ነጐድጓዱ ከራስ በላይ ከደረሰ በኋላ ገመድ መነካካት አደገኛ ስለ ሆነ፥ ሰማዩ ሲጠቍር አስቀድሞ ይነቀላል። የላላና የሚሞቅ ሶኬት በባለሙያ ይለወጣል። የተበላሸውንም ቴሌቪዥን ባለቤቱ ራሱ አይክፈተው፤ ከተነቀለም በኋላ በውስጡ የሚቀር ኀይል አለና።

ልጃችንን በዚያው ቀን ይቅርታ ጠየቅናት። እናታችንን ግን ያን የነሐሴ ማታ ስለ ተናገርንበት ድምፅ ይቅር እንዲሉን ለመጠየቅ ብዙ ቀን ፈጀብን፤ ያወቀ ሰው ተሳሳትሁ ለማለት ይዘገያልና። በመጨረሻ ስንጠይቃቸው ፈገግ ብለው፥ «ቴሌቪዥኑ የሄደው ሄደ፤ አንተ ተመለስህልኝ» አሉን።

አሁን ማታ ማታ አያትና የልጅ ልጅ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሳሎኑን ይዞራሉ። ልጅቱ ስፒናውን ትነቅላለች፤ አያቷ ቆመው ያያሉ። ማቀዝቀዣው ዘንድ ሲደርሱ እናታችን «ይህስ?» ብለው ይጠይቋታል። እሷም ጆሮዋን አስጠግታ ድምፁን ካዳመጠች በኋላ፥ «ይህ የተዳፈነ ነው እማማ፤ ይደር» ትላቸዋለች።