ስለ አንድ ዐይንና ስለ ሁለት ዐይን

ደንብን ማስተማር ቀላል ነው፤ የደንቡን ምስጢር ማስተማር ግን ድካም አለበት። ይልቁንም ተማሪው ሕፃን፥ የሚማርበትም ምድር ደንቡ የተወለደበት ምድር ያልሆነ እንደ ሆነ ድካሙ እጥፍ ይሆናል። ይህም በ2015 ዓ.ም. በሐምሌ ወር፥ በአሜሪካ አገር በቨርጂንያ ተራሮች ሥር፥ ለሕፃናት ሥዕል ሊያስተምር በሄደ በአንድ ኢትዮጵያዊ ሠዓሊ ሥራ ላይ ታየ።

በኢትዮጵያ የክረምት ዝናብ በሚወርድበት ወራት በአሜሪካ የፀሐይ ጊዜ ነውና ተማሪ ቤቶች ይዘጋሉ። በዚያን ጊዜ ልጆችን ከከተማ አውጥቶ በዱርና በውኃ ዳር ማሳደር የቆየ ልማድ ነው። ፍሬድሪክ ገን የሚባል የተማሪ ቤት መሪ፥ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1861 ዓ.ም. ተማሪዎቹን በኮኔቲከት ባሕር ዳር በድንኳን ካሳደረ ወዲህ፥ ካምፕ የሚባለው ሰፈር በአገሩ ሁሉ እየበዛ ሄደ። በዋሽንግተን ዙሪያ ከሚኖሩት ኢትዮጵያውያን ምእመናንም አንዳንዶቹ ከዚህ ልማድ የሚጠቅመውን ወስደው፥ በዚያ የተወለዱ ልጆቻቸው ጸሎትንና መዝሙርን የአማርኛንም ፊደል እንዲለምዱበት አደረጉት። ሠዓሊው የተጠራው ወደ እንዲህ ያለው ሰፈር ነበረ።

ይህ ሰው ሥዕልን ከሁለት ወገን የተማረ ነው። አስቀድሞ በአንድ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ እግር ሥር ቀለም እየበጠበጠ አደገ፤ ኋላም አለ ፈለገ ሰላም ከቺካጎ ተምረው ተመልሰው በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ባቋቋሙት የሥነ ጥበብ ተማሪ ቤት ገባ። የፊተኛው መምህሩ ከአባቶች የተቀበልኸውን ሣል ይለው ነበር፤ የኋለኞቹ ደግሞ በፊትህ ያለውን ተመልክተህ ሣል አሉት። እርሱም ሁለቱን አስማምቶ ይኖር ነበርና፥ ለሕፃናቱ ሁለቱን በተራ ሊያካፍላቸው አሰበ።

በመጀመሪያው ሳምንት በጎንደር የደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣሪያ አሳያቸው። በዚያ ጣሪያ ላይ ከመቶ የሚበልጡ የመላእክት ፊቶች ተሥለው ወደ ታች ይመለከታሉ። እያንዳንዱ ልጅ በአራት ማዕዘን ወረቀት ላይ አንድ የመልአክ ፊት እንዲሥል አደረገ፤ መጀመሪያ ጥቍሩ መሥመር ይወጣል፥ ከዚያ በኋላ ቀለሙ በመሥመሩ ውስጥ ይሞላል። ሥዕሎቹ ተሰብስበው በምግብ ቤቱ ጣሪያ ላይ በተሰቀሉ ጊዜ አንዲት ልጅ፥ «ሁሉም እኛን የሚያዩን ለምንድር ነው?» ብላ ጠየቀች። ሠዓሊውም በኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የታወቀውን ደንብ ነገራቸው፤ ጻድቃንና መላእክት ሁለት ዐይናቸው እየታየ ይሣላሉ፥ ክፉዎች ግን ፊታቸው ወደ ጎን ዞሮ በአንድ ዐይን ይሣላሉ። በምሴተ ሐሙስ ሥዕል ይሁዳን፥ በዐድዋ ጦርነት ሥዕልም የጠላትን ወታደሮች አሳያቸው። ሕፃናቱ ደንቡን እንደ ተሰወረ ቍልፍ ወደዱት፤ ያገኙትን መጽሐፍ ሁሉ እየገለጡ ባለ አንድ ዐይኑን መፈለግ ጨዋታቸው ሆነ።

በሁለተኛው ሳምንት የሚወዱትን አንድ ሰው በዐይናቸው እንዳዩት አድርገው እንዲሥሉ አዘዛቸው። ዕድሜው ዘጠኝ ዓመት የሆነ አንድ ልጅ በደብረ ማርቆስ የምትኖረውን አያቱን ሣለ። ልጁ አያቱን በአካል አይቷት አያውቅም፤ የሚያያት እሑድ እሑድ በስልክ ምስል ነው። እርሷ ግን ስልክ የሚሰማበት እንጂ የሚታይበት መሆኑን አልለመደችምና፥ ልጁ መናገር በጀመረ ቍጥር ስልኩን ወደ ጆሮዋ ታስጠጋዋለች። ስለዚህ ሕፃኑ የሚያውቀው ከነጠላው በታች ያለውን ጕንጯን፥ ጆሮዋን ከነጕትቻው፥ አንዱንም ዐይኗን ነው። ያየውን በእውነት ሣለ። በአጠገቡ የነበረው ልጅ ሥዕሉን አይቶ፥ «እንግዲያው አያትህ እንደ ይሁዳ ናት» አለው። ሕፃኑ ወረቀቱን አጥፎ በልብሱ ውስጥ ሸሸገ፤ እራትም አልበላም። ማታ ወደ ሠዓሊው ቀርቦ፥ «ጋሼ፥ አያቴ ክፉ ናት ወይ?» አለው።

ሁለት ቀላል መንገዶች በፊቱ ነበሩ። አንደኛው ሁለተኛውን ዐይን ጨምሮ ሥዕሉን ማቃናት ነው፤ እንዲህ ቢያደርግ ግን ሕፃኑ በዐይኑ ያየው እውነት ሐሰት እንደ ሆነ ይማራል። ሁለተኛው ደንቡ የድሮ ሰዎች ነገር ነውና ተወው ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ የአባቶች ሥራ ከንቱ እንደ ሆነ ይማራል። ከአያቱና ከቤተ ክርስቲያኑ አንዱን ምረጥ እንደ ማለት ነውና፥ ለዘጠኝ ዓመት ልጅ የሚሰጥ ፈተና አይደለም። ሠዓሊው ልጁን፥ «አያትህ ክፉ አይደለችም፤ ምክንያቱን ነገ አሳይሃለሁ» ብሎ አስተኝቶ፥ በሰፈሩ ወደ ነበሩት ቄስ ሄደ።

ቄሱም ነገሩን ሰምተው፥ «ልጄ፥ ንባቡን ነገርሃቸው፥ ትርጓሜው ግን ቀረ» አሉት። «ቅዱሱ በሁለት ዐይኑ የሚሣለው የሚለምነውን ሰው ፊት ስለማይነሣው ነው። አንድም፥ የሚሰውረው ነገር ስለሌለው ነው። ይሁዳ ወደ ጎን የሚሣለው ከጌታው ፊቱን ስለ መለሰ ነው። ስለዚህ ደንቡ የሚጠይቀው ስንት ዐይን ታየ ብሎ አይደለም፥ ፊት ስለ ምን ዞረ ብሎ ነው እንጂ። ይህች እናት ፊቷን የመለሰችው ልጇን ለመንሣት ነውን? ጆሮዋን ለመስጠት ነው።»

በማግሥቱ ሠዓሊው ልጆቹን ሁለት ሁለት አድርጎ በአንድ አግዳሚ ወንበር ጎን ለጎን አስቀመጣቸው፥ እያንዳንዱም ጓደኛውን ከጎኑ እንዲሥል አደረገ። ሁሉም አንድ አንድ ዐይን ብቻ አገኙ። ከዚያ ዞረው ፊት ለፊት ተቀምጠው እንደ ገና ሣሉ፤ ሁለት ሁለት ዐይን ሆነ። «በዚህ መካከል ክፉ የነበረ፥ ኋላም ደግ የሆነ ማን ነው?» ብሎ ጠየቃቸው፤ ልጆቹም ሳቁ። ያን ጊዜ የቄሱን ትርጓሜ ነገራቸው፤ በአያቱ የቀለደውም ልጅ፥ ማንም ሳያዝዘው፥ ጓደኛውን ይቅርታ ጠየቀ። ሕፃኑ የታጠፈውን ወረቀት አውጥቶ ዘረጋው፤ ዐይን አልጨመረበትም፥ ጆሮዋን ግን ከፊተኛው አስፍቶ በቀይ ቀለም ከበበው።

ወላጆች ልጆቻቸውን ሊወስዱ በመጡ ቀን የልጁ እናት በሥዕሉ ፊት ቆማ እናቷን በጕትቻዋ ዐወቀቻት። «ሌላውን ዐይኗን የት አደረግኸው?» ብትለው፥ በሚያውቃት ጥቂት አማርኛ፥ «ወዲያ ነው፤ እኔን እየሰማች ነው» አላት።

በባዕድ አገር ለሚያድጉ ሕፃናት የአባቶቻቸው ሥርዐት የሚደርሳቸው ብዙ ጊዜ እንዲህ ተቈርጦ ነው፤ መልኩ ይደርሳል፥ ምክንያቱ በመንገድ ይቀራል። በአገር ቤት ያደገ ልጅ ትርጓሜውን ከቅኔ ማሕሌቱ፥ ከእናቱ ጓዳ፥ ከጎረቤቱ ጨዋታ ይለቅመዋል፤ በሩቅ ያለው ግን መምህሩ ካልነገረው ከማን ይሰማል? ደንቡን ብቻ ይዞ ሄዶ ትርጓሜውን ያስቀረ መምህር፥ ለሕፃኑ የሚፈርድበትን ዳኛ እንጂ የሚመራውን አባት አላደረሰለትም።