እጁ አልነበረም

ይህን የምንጽፍላችሁ ባሕር ዳር ያለች የአንዲት አጥቢያ የአምልኮ ቡድን አባላት ነን። የምንጽፈው ስለ ጊታር ክር ከፍታ ነው። «ይህ ደግሞ ከመንፈሳዊ ነገር ጋር ምን ያገናኘዋል?» ብትሉ አንፈርድባችሁም። እኛም እንደዚያ እናስብ ነበር፤ አንድ ወንድማችንን ያሳዘንነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ጊታራችን ኤሌክትሪክ ነው። ፌንደር በ1954 እ.ኤ.አ. ያወጣውን የስትራቶካስተር ቅርጽ የያዘ፣ ዋጋው ግን ለእኛ አቅም የሚሆን ቅጂ ነው። ወጣቶቹ አዋጥተው ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ አስመጡት። የሚጫወተው ወንድማችን ቀን ቀን ባጃጅ ይነዳል። ማክሰኞ ማታ ልምምድ ሲመጣ እጁን በሳሙና ታጥቦ ነው፤ ቢሆንም የቤንዚኑ ሽታ ሙሉ በሙሉ አይለቀውም። ስለዚህ ሽታ እንቀልድበት ነበር፤ እርሱም አብሮን ይስቃል።

ነገሩ የጀመረው ሐምሌ ላይ ነው። ጣና ዳር ለሚኖር ሰው ስለ ክረምት እርጥበት አይነገረውም። የታጠበ ልብስ ሦስት ቀን ይሰቀላል፣ የጓዳ በር አብጦ አልዘጋ ይላል። የደንገል ታንኳ እንኳ ውኃ እየጠጣ ሲከብድ ባለቤቱ ዳር አውጥቶ ፀሐይ ያስመታዋል። የጊታር አንገትም እንጨት ነው፤ ከአየሩ እርጥበት ሲወስድና ሲሰጥ ቅርጹ ይለዋወጣል። ያን ክረምት የእኛው አንገት ወደ ፊት ጎበጥ አለና ክሮቹ ከፍሬቶቹ ራቁ። ወንድማችን ለመጫን ሲታገል ጣቶቹ ጫፍ ላይ ክሩ መስመር እያወጣ አቆሰለው። ከእኛ አንዱ ቀጭን ባለ ስድስት ማዕዘን ቁልፍ ፈልጎ ብሪጁ ላይ ያሉትን ስድስቱንም ሳድሎች (ክሩ የሚያርፍባቸው ትንንሽ ብረቶች ናቸው) ዝቅ ዝቅ አደረጋቸው። ክሩ ለጣት ለሰለሰ። «ጌታ ይመስገን» ብለን ወደ ልምምዳችን ተመለስን። አንገቱን ያየ ሰው አልነበረም።

ጥር መጣ። ዝናቡ ከቆመ ወራት አልፈዋል፣ አየሩ ደርቋል። እንጨቱ የጠጣውን እርጥበት ሲሰጥ አንገቱ ቀና አለ፤ ሳድሎቹ ግን በሐምሌ ዝቅ ባሉበት ቀሩ። ክር ሲመታ መካከሉ ላይ ሰፋ አድርጎ ነው የሚወዛወዘው፤ ቦታ ካጣ ፊቱ ያለውን ፍሬት ይመታል። ያን ጊዜ ድምፁ ይንዘረዘራል፣ ሳይጠግብም ይሞታል። የእኛ ዝማሬ ደግሞ ይህን አይሸሽግም። በትዝታ ቅኝት ቀስ ብሎ በሚሄድ መዝሙር ውስጥ ጊታሩ ብቻውን አንድ በአንድ ሲያዜም የተበላሸች አንዲት ድምፅ ከኋላ ወንበር ድረስ ትሰማለች።

ምን እንዳልነው ሳንደብቅ እንንገራችሁ። «ጠንከር አድርገህ ያዝ» አልነው። ጠንክሮ ያዘ፤ አልተሻለም። «ልምምድ ቀንሰሃል» አልነው። ከእኛም አንዱ፣ ስሙን መጥራት አያስፈልግም፣ «ጸሎት ቀንሰሃል መሰለኝ» አለው። ሌሎቻችን ዝም አልን፤ ዝምታችንም እንደ መስማማት ተቆጠረ። በሚቀጥለው እሑድ ጊታሩ በመዝሙሩ መካከል ሲንዘረዘር ሰዎች ዘወር ብለው አዩት። ከፕሮግራሙ በኋላ የእርሱን ክፍል ኪቦርድ እንዲጫወተው ወሰንን፤ እርሱንም «ለጊዜው ዕረፍ» አልነው። አልተከራከረም። ጊታሩን በጨርቅ ጠርጎ፣ ቦርሳው ውስጥ አስገብቶ፣ ዚፑን እስከ መጨረሻው ዘግቶ ሄደ። ማክሰኞ አልመጣም። በተከታዩም ማክሰኞ አልመጣም።

የካቲት ላይ ከጎንደር ለጉባኤ የመጡ አንድ ጋሼ ከእኛ ዘንድ አደሩ። በደርግ ዘመን አብያተ ክርስቲያናት ተዘግተው አማኞች በየቤቱ ሲሰበሰቡ፣ ጎረቤት እንዳይሰማ ጊታር በቀስታ የሚመቱ ሰው ነበሩ። ያንን ጊታር አንሥተው ሁለት ሦስት ድምፅ መቱና ዝም አሉ። ከዚያ ጭራውን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው፣ አናጢ ጣውላ ቀጥ ማለቱን እንደሚያይ በአንገቱ ርዝመት አዩ።

«ይህን የሚጫወተው ልጅ የት አለ?» አሉ።

ነገርናቸው። ጸሎት ቀንሷል የተባለውንም ሳይቀር ነገርናቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጸሎቱን ጸልዩ፤ መጀመሪያ ግን ቁልፉን አምጡልኝ» አሉ።

ያን ማታ ያሳዩንን እንደ ቅደም ተከተሉ እንጽፈዋለን፤ እንደኛ ያላወቀ ቡድን አይጠፋምና። መጀመሪያ ጊታሩን በትክክል ቃኙት። የስድስቱ ክሮች ጉተት ሳይስተካከል አንገቱን መለካት ከንቱ ድካም ነው። ቀጥሎ አንዱን ክር በአንድ እጅ 1ኛው ፍሬት ላይ፣ በሌላው እጅ መጨረሻው ፍሬት ላይ አስያዙንና 8ኛው ፍሬት አካባቢ በክሩና በብረቱ መካከል ያለውን ክፍተት አሳዩን። ሩብ ሚሊሜትር ያህል መሆን ነበረበት፤ ሁለት ሦስት የደብተር ወረቀት ተደራርቦ የሚያልፍበት ማለት ነው። በእኛ ጊታር አንድ ወረቀት እንኳ አላለፈም። አንገቱ ውስጥ ትረስ ሮድ የሚባል ብረት አለ፤ የክሮቹን ጉተት የሚቋቋመው እርሱ ነው። ጋሼ ያንን ወደ ግራ ሩብ ዙር ብቻ አላሉትና እንደገና ቃኙት። እንጨት ቶሎ አይታዘዝም ብለው ሌላ ነገር ሳይነኩ አሳደሩት። እኛ በአንድ ማታ ልንጨርሰው ቸኩለን ነበር።

በማግስቱ ወደ ብሪጁ መጡ። ብሪጅ ድልድይ ማለት ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ድልድይ ሲባል ደግሞ ትዝ የሚለን ግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 380 ሜትር የሚረዝመው የዓባይ ድልድይ ነው፤ ስለዚህ ጋሼ «ድልድዩ ዝቅ ብሏል፣ እናንሣው» ሲሉ ከመካከላችን አንዱ ሳቁ አመለጠው። እርሳቸው የተማሪ ማስመሪያ ይዘው 12ኛው ፍሬት ላይ ከብረቱ ጫፍ እስከ ክሩ ሥር ለኩ፤ 1 ሚሊሜትር ገደማ ነበር። ለእንዲህ ዓይነት ጊታር እንደ ጣውላው ቅስት ለወፍራሙ ክር ከ1.6 እስከ 2 ሚሊሜትር፣ ለቀጭኑ 1.6 ያህል ይመከራል። 12ኛው ፍሬት የክሩ እኩሌታ ላይ ስለሚገኝ ሳድሉን 1 ሚሊሜትር ብታነሡ ክሩ እዚያ ጋ የሚነሣው ግማሹን ያህል ብቻ ነው። እኛ ይህን ባለማወቅ በሐምሌ ምን ያህል እንዳወረድነው አሁን ገባን። እያንዳንዱ ሳድል ሁለት ብሎን አለው፤ ሁለቱ እኩል ካልሄዱ ሳድሉ ያዘነብላል። መካከለኞቹ ክሮች ደግሞ የጣውላውን ቅስት ተከትለው ትንሽ ከፍ ይላሉ። በመጨረሻ 12ኛው ላይ የተጫነውን ድምፅ እዚያው ላይ በጣት ጫፍ ብቻ ተነክቶ ከሚወጣው ጋር አስተያዩ። የተጫነው ከቀጠነ ሳድሉ ወደ ኋላ፣ ከወፈረ ወደ ፊት ይሄዳል።

እየሠሩ ሳሉ ስለ በገና አነሡ። በገና ላይ እያንዳንዱ አውታር በርኩማው ላይ ሲያልፍ ከሥሩ እንዝራ የሚባል ቁራጭ ቆዳ ይገባለታል። ያ የምናውቀው የሚንዘረዘር ጥልቅ ድምፅ አውታሩ ቆዳውን እየነካ የሚያወጣው ነው፤ ደርዳሪው ቆዳውን ትንሽ ወደዚህ ትንሽ ወደዚያ እያለ ድምፁን ፈልጎ ያገኘዋል። «እዚያ ንዝረቱ ጌጡ ነው፤ እዚህ ግን ድምፁን ይበላዋል» አሉ። መዝሙር 33 ባለ አሥር አውታሩን መሣሪያ ጠርቶ ወዲያው በጥሩ እንዲደረደር ይጠይቃል። የበገና አውታሮችም አሥር ናቸው። ብዙ ጊዜ ስንሰብክበት የነበረው ስለ ልብ ብቻ ነበር። ቆዳ አስተካካዩን፣ መቃኛ ጠምዛዡን፣ አውታር ለኪውን በዚያ ክፍል ውስጥ አይተነው አናውቅም።

ጊታሩ ተሰካ። ያቺ ትዝታ ላይ ትሞት የነበረች ድምፅ ጠግባ ወጣች። ደስ ሊለን ሲገባ ክፍሉ ጸጥ አለ፤ ሁላችንም ያሰብነው አንድ ነገር ነበር።

ወደ ወንድማችን በማግስቱ አመሻሹ ላይ ሄድን። ሐይቁ ዳር ከዘንባባዎቹ ሥር ባጃጁን አቁሞ ተሳፋሪ ይጠብቅ ነበር። ሦስታችን ከኋላ ገባን። የምንሄድበትን ሲጠይቀን የትም እንደማንሄድ ነገርነው። ከእኛ ጸሎቱን ያነሣበት ሰው ቀድሞ ተናገረ፤ ስለ ሳድሉ፣ ስለ አንገቱ፣ ስለ ሐምሌው አስረዳው፤ ከዚያም «በድለንሃል፣ ይቅር በለን» አለው።

ወንድማችን መሪውን እንደያዘ ወደ ውኃው እያየ ቆየ። «እኔ እኮ እጄ ነው ብዬ ነበር» አለ። «ባጃጁ እጄን አደንድኖት፣ ከእንግዲህ ለዚህ አልሆንም ብዬ ነበር። ጸሎቱንም... እውነት ይሆናል ብዬ ራሴን ስመረምር ነው የከረምኩት።»

የምንመልሰው አልነበረንም። ለጣት ቁስል ፈውስ ስንለምን የነበርን ሰዎች በገዛ አፋችን ሌላ ቁስል ጨምረንበት ኖሯል፤ ያንን ደግሞ ሩብ ዙር በማላላት አይመልሱትም። እዚያው ባጃጅ ውስጥ ጸለይን። ተሳፋሪ መጥቶ «ጊዮርጊስ ትሄዳለህ?» እስኪል ድረስ።

አሁን የጊታሩ ቦርሳ ውስጥ የተጣጠፈ ወረቀት አለ። የካቲት ላይ የለካነው ቁጥር ተጽፎበታል፤ የሐምሌ ቦታው ባዶ ነው። ማስመሪያውም ቁልፉም እዚያው ናቸው።

ወንድማችን ወዲያው አልተመለሰም። ሁለት ማክሰኞ አለፉ። በሦስተኛው በሩ ላይ ቆሞ ሰላም አለን፣ ጊታሩን አወጣ፣ ቃኘው፣ ከላይ እስከ ታች አንድ ጊዜ ሄደበት። ከዚያ ማስመሪያውን አንሥቶ 12ኛው ፍሬት ላይ አሳረፈና ጎንበስ ብሎ አየ።

«ቀጭኗ ለእኔ ትንሽ ከፍ ብላለች» አለ። «ቁልፉን ስጡኝ።»

ሰጠነው።