ተራ የሚጀመረው መቼ ነው?

ዛሬ የምጽፈው ስለ ጎልፍ ነው። የጤፍ ዋጋና የመንገድ ደኅንነት አገር በሚያነጋግርበት ጊዜ «ይህን ሰው ምን ነካው?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። በሐዋሳ የጎልፍ ዱላ የያዘ ሰው ከማየት ይልቅ በሐይቁ ዳር ጉማሬ ማየት ይቀላል። በአገራችን የጎልፍ ነገር ሲነሣ ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን በአዲስ አበባ የእንግሊዝ ኤምባሲ ሰፊ ግቢ ውስጥ የተሠራው ባለ 9 ጉድጓድ ሜዳ ነው፤ የዲፕሎማትና የባለጸጋ መዝናኛ። እኔም ለጨዋታው ጥብቅና ልቆም አልተነሣሁም። ትኩረቴን የሳበው ኳሷ ከመመታቷ በፊት ያለችው አጭር ጊዜ ናት። በዚያች ጊዜ ተቀናቃኞች እርስ በርስ የሚሰጣጡት ክብር የእኛን የፖለቲካ ሕመም ቁልጭ አድርጎ ያሳያል ብዬ አምናለሁ።

በጎልፍ እያንዳንዱ ጉድጓድ የራሱ መነሻ ሥፍራ አለው። ሥፍራው «ቲ» ይባላል፤ ኳሷን ከመሬት ከፍ አድርጋ የምትይዘው ትንሽ እንጨትም በዚሁ ስም ትጠራለች። ማን ቀድሞ ይምታ የሚለው ጥያቄ ለጉልበት አልተተወም። በመጀመሪያው ጉድጓድ ቅደም ተከተሉ አስቀድሞ በተዘጋጀ ዝርዝር ወይም በዕጣ ይወሰናል፤ ከዚያ ወዲያ ያለፈውን ጉድጓድ ያሸነፈ ይቀድማል። ይህን ቀዳሚነት ተጫዋቾቹ «ክብር» ይሉታል። በሹመት፣ በዕድሜ ወይም በሀብት የሚገኝ ክብር ግን አይደለም፤ አሁን የተገኘ፣ በሚቀጥለው ጉድጓድም ሊታጣ የሚችል ነው።

ባለተራው ለመምታት ሲዘጋጅ የቀሩት ዝም ይላሉ፤ አይንቀሳቀሱም፤ ከኳሷ በስተኋላ ወይም ዓይኑ በሚያርፍበት መሥመር ላይ አይቆሙም፤ ጥላቸውን እንኳ አያጠሉበትም። ተራቸው ሳይደርስ የራሳቸውን ኳስ አይተክሉም። ከተመታች በኋላ ሁሉም ወዴት እንደሄደች በዓይናቸው ይከተሏታል፤ ብትጠፋ አብረው ይፈልጋሉ። ወደ ሰው ካመራች «ፎር!» ብለው ይጮኻሉ፤ ጩኸት የሚፈቀደው ሰውን ለማዳን ነው። በአንድ ለአንድ ግጥሚያ ያለ ተራው የመታ ሰው ቢኖር፣ ተቀናቃኙ ምቱን ሰርዞ በተራው እንደገና እንዲመታ ሊያደርገው መብት አለው። እ.ኤ.አ. በ2019 የተሻሻለው ሕግ ጨዋታው እንዲፋጠን ዝግጁ የሆነ ሰው በስምምነት እንዲቀድም ያበረታታል። ልዩነቱን ልብ ይሏል፤ ተራ በባለቤቱ ፈቃድ ይለቀቃል እንጂ አይነጠቅም።

ይህን ያስተዋልኩት ለዶክትሬት ትምህርት በስኮትላንድ በነበርኩበት ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. መስከረም 2014 ሊደረግ ስለታሰበው የነጻነት ሕዝበ ውሳኔ አገሩ ሁሉ በሚከራከርበት ወቅት፣ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ጎረቤቴና አንድ ፕሮፌሰር ቅዳሜ ቅዳሜ በሕዝብ ሜዳ ላይ ሲጫወቱ ቦርሳ እየጎተትኩ እከተላቸው ነበር። ሾፌሩ ስኮትላንድ ትነጠል ይላል፤ ፕሮፌሰሩ ትቆይ ይላል። በየመንገዱ ይከራከራሉ፤ አንዳንዴም ድምፃቸው ከፍ ይላል። ቲው ላይ ሲደርሱ ግን ክርክሩ በዐረፍተ ነገር መካከል እንኳ ቢሆን ይቋረጣል። ሾፌሩ ጉድጓዱን ካሸነፈ ፕሮፌሰሩ ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ፈቀቅ ብሎ እጁን አጣምሮ ይቆማል። በሐሳቡ አልተስማማም፤ ተራውን ግን አልነፈገውም። ሕዝበ ውሳኔው 55 በመቶ በሚሆን ድምፅ «ትቆይ» በሚለው ወገን አሸናፊነት ተጠናቀቀ፤ ሁለቱ ሰዎችም በማግሥቱ ቅዳሜ ሜዳ ላይ ነበሩ።

እንዲህ ስል የእኛ አበው ጨዋታ አያውቁም ማለቴ አይደለም። ዱላና ኳስ ከተነሣ የገና ጨዋታ አለን። ሩሯ ስትመታ ጌታና ሎሌ ይጋፋሉ፤ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የተባለውም ለዚሁ ነው። ይሁንና ይህ እኩልነት የአንድ ሰሞን ፈቃድ ነው። በዓሉ ሲያልፍ ጌታውም ወደ ጌትነቱ፣ ሎሌውም ወደ ሎሌነቱ ይመለሳል። ተራ የሚባል ነገርም በገና ሜዳ ላይ የለም፤ የቀደመ ይመታል።

ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀኝ የጥንቱ የሰንጠረዥ ጨዋታችን ነው። ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ባሳተሙት ጥናት እንደተገለጸው፣ ጨዋታው የሚጀመረው «ወረራ» በተባለ ምዕራፍ ነው። በወረራ ጊዜ ተራ የለም፤ ሁለቱም ተጫዋቾች የየራሳቸውን ጭፍሮች በአንድ ጊዜ፣ እጃቸው እንዳመጣ ያንቀሳቅሳሉ። ተራ በተራ መጫወት የሚጀመረው ከሁለት አንዱ የሌላውን ጠጠር ሲበላ፣ ማለትም የመጀመሪያው ደም ሲፈስ ነው። እንደ ጨዋታ ብልሃት የሞላበት፣ ደስ የሚያሰኝ ሥርዓት ነው። እንደ ፖለቲካ ልማድ ግን አስፈሪ ነው። በቲው ላይ ተራ ከመጀመሪያው ምት ይቀድማል፤ በወረራ ተራ የሚመጣው ከመጀመሪያው ደም በኋላ ነው። የአገራችን ፖለቲካ ከሁለቱ የትኛውን እንደሚመስል አንባቢ አይጠፋውም።

ምሳሌ ፍለጋ ከምኖርባት ከተማ መውጣት አያስፈልገኝም። የሲዳማ ዞን ምክር ቤት በሐምሌ ወር 2010 ዓ.ም. የክልልነት ጥያቄውን በይፋ አቀረበ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 47 እንዲህ ያለው ጥያቄ በደረሰው ምክር ቤት አማካይነት በ1 ዓመት ጊዜ ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ እንዲደራጅ ያዛል። ቲው ተዘጋጅቷል፤ ባለተራው ታውቋል፤ የተጻፈ ሕግ አለ። ዓመቱ ግን ሕዝበ ውሳኔው ሳይደረግ ሞላ። ሐምሌ 11 ቀን 2011 ዓ.ም. ቀነ ገደቡ ሲያልፍ በሐዋሳና በዙሪያዋ ሁከት ተነሣ፤ ሰዎች ሞቱ፤ ቤትና ንብረት ተቃጠለ። ከ4 ወራት በኋላ፣ ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ያው ሕዝበ ውሳኔ በሰላም ተካሄደ፤ ከ98 በመቶ በላይ የሚሆነው ድምፅ ሰጪ ክልልነትን መረጠ። እንግዲህ በኅዳር የተቻለው ለምን በሐምሌ አልተቻለም? የክልልነትን ጥያቄ የደገፈም የተቃወመም ሰው ይህን ጥያቄ ሊጠይቅ ይገባዋል፤ ሟቾቹ የሞቱት በውጤቱና በተራው መካከል በነበረው ክፍተት ነውና። ወረራ ማለት ይኸው ነው።

የጎልፍ ሌላው ትምህርት የካርዱ ነገር ነው። በምት ብዛት በሚወሰን ውድድር የእኔን ውጤት የሚመዘግበው አብሮኝ የሚጫወተው ሰው ነው። የሱን ውጤት እኔ ልመዘግብ እችላለሁ። በመጨረሻ ካርዱን ሁለታችንም እንፈርምበታለን። እ.ኤ.አ. በ1968 በታወቀው የማስተርስ ውድድር አርጀንቲናዊው ሮቤርቶ ዴ ቪሴንዞ በ17ኛው ጉድጓድ በ3 ምት ጨረሰ፤ የጨዋታ ባልንጀራው ቶሚ አሮን ግን በስሕተት 4 ብሎ ጻፈ። ዴ ቪሴንዞም ሳያስተውል ፈረመ። ሕጉ የፈረመበት ከፍተኛ ቁጥር ይጽና ስለሚል በ1 ምት ልዩነት ድሉን አጣ። ሜዳውን ግን አላቃጠለም፤ መዝጋቢውንም በሤራ አልከሰሰም። እንዲህ ለማለት የቻለው ግን ካርዱ በእጁ ስለነበረ፣ አንብቦ የማረም ዕድል ስለተሰጠው መሆኑ አይዘንጋ። መሸነፍን በጸጋ መቀበል የሚቻለው ካርዱን ማየት ለሚችል ሰው ነው።

የግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ምርጫ ትዝ የሚለው ሰው ይህ ለምን እንደሚያንገበግበኝ ይረዳል። ከምርጫው በፊት በቴሌቪዥንና በሬዲዮ የተላለፉት ክርክሮች በታሪካችን ከታዩት ሁሉ ለቲ ሥርዓት የቀረቡ ነበሩ፤ ገዢውም ተቃዋሚውም በተመደበለት ደቂቃ ተናገረ፤ ሕዝቡም አዳመጠ። ካርዱን የማመሳከር ጊዜ ሲደርስ ግን መተማመን ጠፋ። ከውዝግቡ በኋላ በተነሣው ግጭት 193 ሰላማዊ ሰዎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን ጉዳዩን የመረመረው አጣሪ ኮሚሽን ገልጿል። ጨዋ አነጋገር ብቻውን አያድንም፤ ተቀናቃኝህ የመዘገበው፣ አንተም የፈረምክበት ካርድ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ «የነጮችን የክለብ ወግ እያመጣህ አታስተምረን» የሚለኝ አንባቢ ቢኖር ተቃውሞው ተገቢ ነው። የእንጨቷን ቲ የፈጠራ መብት እ.ኤ.አ. በ1899 ያስመዘገበው ጆርጅ ፍራንክሊን ግራንት ጥቁር አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪምና የሃርቫርድ መምህር ነበር። ሆኖም የአሜሪካ ባለሙያ ጎልፈኞች ማኅበር ከ1934 እስከ 1961 እ.ኤ.አ. በመተዳደሪያ ደንቡ አባልነትን ለነጮች ብቻ ወስኖ ኖሯል። ቲው ላይ ሹክሹክታ እንኳ ነውር የሆነባቸው ሰዎች በበሩ ላይ ለቆመው ጥቁር ሰው በሩን ሲዘጉ ነውር አልመሰላቸውም። ከዚህ የምንማረው ሥርዓት ከንቱ ነው የሚለውን አይደለም፤ በአጥር ውስጥ ብቻ የሚከበር ሥርዓት ጨዋነት ሳይሆን የጥቅመኞች ስምምነት መሆኑን ነው። በእኛም አገር ከራሱ ወገን ጋር ሲቀመጥ ተራ ጠብቆ፣ አንገቱን ሰብሮ የሚናገር፣ ከሌላው ወገን ጋር ሲገናኝ ግን ወረራ የሚያውጅ ምሁር ሞልቷል።

ደግሞስ ተራን ለመማር ስኮትላንድ ድረስ መሄድ ያስፈልግ ነበር? በዚሁ በሐዋሳ የጉዱማሌ አደባባይ የፍቼ ጨምበላላ በዓል ይከበራል፤ በዓሉ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል። የሲዳማ ሽማግሌዎች በሶንጎ ሲቀመጡ «አፊኒ» የሚባል ልማድ አላቸው፤ ትርጉሙ «ሰምታችኋል ወይ?» እንደ ማለት ነው። ተናጋሪው ነገሩን ከማቅረቡ በፊት መደመጡን ያረጋግጣል፤ አድማጩም መስማቱን ያሳውቃል፤ ፍርድ ከመስማት አይቀድምም። ይህ የእኛው ቲ ነው። እርግጥ ሶንጎውም አጥር ነበረው፤ የወንድ ሽማግሌዎች ሸንጎ ነበርና የሴቶች ድምፅ በቀላሉ አይገባበትም ነበር። እንግዲህ ከሩቁ ጎልፍም ከቅርቡ ሶንጎም የሚቀረን የቤት ሥራ አንድ ነው፤ ሥርዓቱን መያዝ፣ አጥሩን ማፍረስ።

በየክፍሉ የማስተምራቸው ወጣቶች አንዱ ሲናገር ሌላው መልሱን በልቡ ሲያሰላ፣ ሦስተኛው ደግሞ ከአፉ ሲነጥቀው አያለሁ። አልፈርድባቸውም። በምክር ቤትም፣ በቴሌቪዥን መስኮትም፣ በስልካቸው ገጽም ያዩት ወረራን ነው። ያላዩትን ከየት ያምጡት? ለትልልቆቹ ግን የምለው አለኝ። ዕጣው ከምቱ በፊት ይውጣ። ሕግ የቆረጠው ቀን ይከበር። ካርዱ በተቀናቃኝ እጅ ይመዝገብ። ባለተራው ሲቆም፣ የምንጠላው ሰው ቢሆንም፣ ጥላችንን ከኳሱ ላይ እናንሣ። በሚቀጥለው ጉድጓድ ተራው የእኛ ሊሆን ይችላልና።

ቸር ያሰማን።